የረመዷን ከረጢት ለምን ይከብዳል?

  ዛሬ ስለ ለይለቱል ቀድርም ሆነ ስለ ተራዊሕ አልጽፍላችሁም። የምጽፍላችሁ ስለ ቆሻሻ ከረጢት ነው። «ምነው ሼኹ፣ በዚህ በተባረከ ወር?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩን ከጨረስኩ በኋላ ትፈርዱታላችሁ።

የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። በእኛ መንደር የጽዳት ማኅበር ልጆች በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠዋት በጋሪ እየዞሩ ከየበሩ ቆሻሻ ይሰበስባሉ። ባለፈው ዓመት ረመዷን በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከሱብሒ ሶላት ስመለስ ከልጆቹ አንዷ የእኛን ማዳበሪያ ከበር ላይ ለማንሳት ስትታገል አገኘኋት። ላግዛት እጄን ስሰድ እየሳቀች እንዲህ አለችኝ፦ «አባባ፣ የእናንተ ጾም መግባቱን እኔ የማውቀው በጨረቃ አይደለም፣ በማዳበሪያው ክብደት ነው። በሌላ ጊዜ የአንድ ቤቱን በአንድ እጄ አነሳዋለሁ። በእናንተ ጾም ግን ለሁለት ነው የምናነሳው።»

ልጅቱ ሙስሊም አይደለችም። ልትነካኝም አልፈለገችም፤ በየቀኑ የምታየውን ነው የተናገረችው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። የማዳበሪያውን አፍ ፈትቼ አየሁ። ያልተነካ የታጠፈ እንጀራ ነበር። በፌስታል የታሰረ ሾርባ ነበር። ሰባት ወይም ስምንት ሳምቡሳ፣ ግማሽ ሐብሐብ፣ ከሥሩ ደግሞ የተጨማደዱ የውሃ ጠርሙሶች ነበሩ። ከሦስት ቀን በፊት፣ በጁሙዓ ኹጥባ ላይ፣ ስለ ኢስራፍ ማለትም ስለ ብክነት ከሚንበር ላይ ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው?

ወደ ቤት ገብቼ ባለቤቴን «ይህ ምንድን ነው?» አልኳት። የማድ ቤቱ ጉዳይ የእርሷ ነው ብዬ ነው። እርሷም ዘወር ብላ አየችኝና፦ «ሼኹ፣ ‹ሾርባ ይኑር፣ ሳምቡሳ ይኑር፣ እንግዳ ሊመጣ ይችላልና ጨምሩበት› የምትለው አንተ አይደለህም? እኔ እኮ እሳቱ ዳር የምቆም ነኝ እንጂ የምታዝዘው አንተ ነህ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያየሁትን በዚህ ገጽ ላይ አልዘረዝረውም። በዚያ ዓመት እናቴ ከመሶቡ ሥር የቀረችውን ፍርፋሪ በጣቷ ጠርጋ ለታናሽ እህቴ ታጎርሳት እንደነበር ብቻ ልንገራችሁ። የዚያች እናት ልጅ ነው እንግዲህ በአርባ ዓመቱ እንጀራ በማዳበሪያ አስሮ በር ላይ ያስቀመጠው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንደ መካሪ ሳይሆን እንደተያዘ ሰው ነው።

ነገሩ የእኔ ቤት ብቻ ወይም የሙስሊሙ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደተጣለ ገልጿል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው ከመኖሪያ ቤቶች ነው። በዚያው ሪፖርት መሠረት 783 ሚሊዮን ሰዎች ይራባሉ። ሌላው በዓሉን አክብሮ ቢያባክን ግን ለእኛ ምክንያት አይሆነንም። እኛ የምናባክነው በጾም ወር ነው። ሆዳችን ረሃብን እንዲያውቅ በታዘዘበት ወር የቆሻሻ ከረጢታችን ከጠገበ፣ ጾማችን ውስጥ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው።

ከረጢቱ የት ይሄዳል?

ብዙዎቻችን ከረጢቱ ከበር ከተነሳ በኋላ የጠፋ ይመስለናል። አልጠፋም። ከእኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ ረጲ የሚባለው ቦታ ላይ «ቆሼ» አለ። አዲስ አበባ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን የደፋችው እዚያ ነው። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታውጆ ነበር። ያን ሰሞን እኛም አለቀስን፣ ዱዓ አደረግን፣ ገንዘብ አዋጣን። ያ ተራራ ከምን እንደተሠራ ግን ስንቶቻችን ጠየቅን? የተሠራው ከየቤታችን በወጣ ከረጢት ነው።

ምግብ አፈር ላይ ብቻውን ቢወድቅ ይበሰብሳል፤ አፈርም ይሆናል። በፌስታል ታስሮ ከሌላ ቆሻሻ ሥር ሲቀበር ግን አየር ስለማያገኝ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ የሚቀጣጠል ነው፤ ምድርን በማሞቅ ረገድም ከመኪና ጭስ ከምናውቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ይበረታል። እርጥብ ቆሻሻ የበዛበት ክምር ደግሞ ውሃ ያዝላል፣ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ቆሼ አጠገብ ቆሻሻ እያቃጠለ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። «ታዲያ ቆሻሻችን መብራት ይሆን የለ? ምን ቸገረን?» የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። መልሱን ማገዶ አንድዳ የምታውቅ እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ እርጥብ እንጨት አይነድም። ሾርባና የወጥ ትርፍ የተቀላቀለበት ቆሻሻም እንደዚያው ነው። እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ውሃውን በማድረቅ ነው።

ኢስራፍና ተብዚር

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አዕራፍ 31ኛ አንቀጽ መብላትንና መጠጣትን ፈቅዶ፣ ወዲያው በዚያው አንቀጽ ወሰን ማለፍን ይከለክላል፤ ወሰን አላፊዎችንም እንደማይወድ ይነግረናል። ልብ በሉ፣ የተከለከለው ሐራም ምግብ አይደለም። ሐላሉ ራሱ ከልክ ሲያልፍ ነው። ኢስራፍ የሚባለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ቃል ተብዚር ነው። በሱረቱል ኢስራእ 26ኛና 27ኛ አንቀጾች ላይ ይገኛል፤ እዚያ አባካኞች ከሸይጧን ጋር በወንድምነት ተቆራኝተዋል። ቃሉ በዐረብኛ ዘርን ከመበተን የመጣ ነው። ዘሩን በማሳው ላይ ሳይሆን በድንጋይ ላይ የሚበትን ገበሬ አስቡ። ዘሩ መልካም ነው፣ እጁም ደህና ነው፤ ቦታው ግን ጠፍቶበታል። እኛም ለጎረቤት መድረስ የነበረበትን ሳምቡሳ ማዳበሪያ ውስጥ ስንከት የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጉርሻ ከእጅ ቢወድቅ ቆሻሻው ተጠርጎ እንዲበላ፣ ለሸይጧንም እንዳይተው አስተምረዋል። ሳሕኑ ላይ የቀረው እንዲጠረግም አዘዋል፤ በረካው ያለው በየትኛው ጉርሻ ላይ እንደሆነ አይታወቅምና። ይህ በሙስሊም ዘገባ ውስጥ የሚገኝ ነው። አንዲት ጉርሻ ይህን ያህል ክብር ካላት፣ የአንድ ቤት ሙሉ መሶብ ምን ያህል ይሆን?

አንድ፦ ደብተርና ድስት

በዚያ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ሁለተኛ ደረጃ የምትማረው ልጃችን አንድ ሐሳብ አመጣች። «አባዬ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚተርፍ እንወቅ» አለችኝ። ደብተር ይዛ ለሰባት ቀን ማታ ማታ የተረፈውን ጻፈች። ቤተሰባችን ስድስት ነው። ከሠላሳ ሳምቡሳ በየቀኑ አሥርም አሥራ አንድም ይተርፋል። ከሾርባው ድስት ግማሹ ይተርፋል። ከተራዊሕ በኋላ የሚቀርበውን ወጥ ከሁለት ሰው በላይ የሚነካው የለም።

ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የጾመ ሰው ዓይኑ ከሆዱ ይቀድማል። በተምርና በውሃ አፍጥሮ ሁለት ሳምቡሳና አንድ ሳሕን ሾርባ ከወሰደ ሆዱ ሞልቷል። እኛ ግን የምናበስለው ለሆዱ ሳይሆን ከመግሪብ በፊት ለሚያየው ዓይኑ ነው። ስለዚህ እንዲህ አደረግን፤ ቀላል ሆኖ ስላገኘነው ለእናንተም አካፍላለሁ።

ሳምቡሳው በሰው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፣ ለእንግዳ ሦስት ይጨመራል። አሥራ አምስት በቃ። ሾርባው በትንሿ ድስት ይሠራል። ሾርባና ወጥ በአንድ ቀን አይሠሩም፤ ወይ አንዱ ወይ ሌላው። ከኢፍጣር የተረፈ ወጥ ክዳን ባለው ዕቃ ተቀምጦ የሱሑር ይሆናል። ገበያ ከዐስር በኋላ አይኬድም፤ በዚያ ሰዓት የሚገዛው ዓይን ነው። የሚገዛው በወረቀት ተጽፎ፣ በማለዳ ወይም ከኢፍጣር በኋላ ይገዛል።

የእንጀራውን ነገር ደግሞ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ጨርሰውታል። ድርቆሽ! የቆየች እንጀራ ሳትሻግት በፊት ተቆራርሳ ፀሐይ ላይ ከደረቀች ወራት ትቆያለች። የመንገደኛና የነጋዴ ስንቅ የነበረችው እርሷ ናት። ሱሑር ሰዓት ላይ ከእንቅልፍ ተነስቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚሠራ የድርቆሽ ፍርፍር ከየትኛው ምግብ ያንሳል? ሰሞኑን «የድሮ ሰው ምግብ» እያልን የተውነው ነገር የአባካኝነት መድኃኒት ነበር።

ምጣዱንም አንርሳ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት ዕቃዎቻችን ሁሉ ብዙ ኃይል ከሚወስዱት አንዱ ነው፤ 3 ኪሎ ዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። ምጣዱ እስኪግል የሚያልቀው ኃይል ምንም እንጀራ ሳይወጣበት ነው። በየቀኑ አራት አራት እንጀራ ከመጋገር በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋገር ይሻላል። ሁለት ጎረቤታሞች ሊጣቸውን ይዘው በአንድ በጋለ ምጣድ ተራ በተራ ቢጋግሩ ደግሞ ቆጣሪውም ያርፋል፣ ጉርብትናውም ይጠነክራል።

ሁለት፦ የዉዱእ ውሃ

በልጅነቴ ወሎ ሐሪማ ውስጥ ደረሳ ሆኜ ስማር ውሃ የምንቀዳው ከምንጭ ነበር። ቁልቁለቱን ወርደን ዳገቱን በቅል ተሸክመን እንመለሳለን። የሼኻችንን የዉዱእ ውሃ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ቅሉን እስከ አፉ ሞልቼ ባቀርብላቸው፣ ከግማሽ በታች ተጠቅመው መለሱልኝና «ቀሪውን ለሚጠማው አስቀምጥ» አሉኝ። ጠብታ እንኳ መሬት ላይ አልፈሰሰም ነበር።

አሁን የምኖረው ቧንቧ ባለው ቤት ነው። ባለፈው ረመዷን ልጄ ደብተሯን ይዛ «አባዬ፣ ዉዱእህንም እንለካው» አለችኝ። ከቧንቧው ሥር ሳፋ አስቀመጥን። ቧንቧውን ከፍቼ እንደ ልማዴ ዉዱእ አደረግኩ። ውሃውን በሁለት ሊትር ሃይላንድ ስንሰፍረው አራት ጊዜ ሞላ። ስምንት ሊትር!

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዉዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ውሃ እንደነበር፣ ገላቸውን የሚታጠቡትም ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚሆን ውሃ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም መዝግበውታል። ሷዕን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለዘካተል ፊጥር እህል የምንሰፍርበት ነው። አንድ ሷዕ አራት ሙድ ነው። አንድ ሙድ የመካከለኛ ሰው ሁለት እፍኝ ሲሆን፣ በብዙ ሊቃውንት ስሌት ከሦስት ሩብ ሊትር አይዘልም። የግማሽ ሊትሯን ሃይላንድ ሞልታችሁ ትንሽ ብትጨምሩባት ነው። እኔ፣ የዉዱእ ኪታብ የማስተምር ሰው፣ የነቢዩን አሥር እጥፍ እያፈሰስኩ ነበር።

ሒሳቡን እንሥራው። ስምንት ሊትር በቀን አምስት ጊዜ 40 ሊትር ነው። ለስድስት ሰው 240 ሊትር፣ ማለትም 12 ጀሪካን ይሆናል። በአንድ ሊትር ተኩል ጆግ ቢሆን ደግሞ ለስድስታችን 45 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን ከሩብ ብቻ ነው። ልዩነቱ አሥር ጀሪካን የሚጠጋ ውሃ ነው፤ በአንድ ቤት፣ በአንድ ቀን! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው የሚመጣው። የጉድጓዱ ውሃ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው የሚወጣው። ከቧንቧችን በከንቱ የፈሰሰው ውሃ በከንቱ የተቃጠለ መብራትም ነው። እኛ ያፈሰስነው ውሃ ደግሞ ምናልባት በሌላ ሰፈር ጀሪካን ይዛ የምትሰለፍ እናት ድርሻ ነበር።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዕድ የተባሉት ሰሓባ ዉዱእ ሲያደርጉ አግኝተዋቸው ስለ ማባከናቸው እንደጠየቋቸው፣ ወራጅ ወንዝ ዳር ቢሆኑ እንኳ ብክነት እንዳለ እንደነገሯቸው ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል። በዘገባው ሰነድ ላይ ሊቃውንት ተነጋግረውበታል። ሐሳቡ ግን ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ይስማማል፤ አካልን ከሦስት ጊዜ በላይ ማጠብ የተጠላ መሆኑንም ፉቀሃዎች ጽፈዋል።

ስለዚህ ለዉዱእ ጆግ ወይም ማንቆርቆሪያ ተጠቀሙ። ቧንቧ የግድ ከሆነ እጅ እየታሸ ይዘጋ። አንዳንድ እናቶች «በዉዱእ የታጠብንበትን ውሃ አትክልት ላይ ማፍሰስ ይቻላል ወይ? ነውር አይሆንም?» ብለው ጠይቀውኛል። ይቻላል። በአንድ ጊዜ ዉዱእ የተሠራበት ውሃ «ሙስተዕመል» ይባላል። በሻፊዒ መዝሀብም ሆነ በሐነፊ መዝሀብ በሚሠራበት አቋም ውሃው ራሱ ንጹሕ ነው፤ ለሌላ ዉዱእ አይሆንም እንጂ ነጃሳ አይደለም። አትክልት ይጠጣበት፣ ወለል ይጠረግበት፣ ሽንት ቤት ይደፋበት። ከእኛ በረንዳ በታች ያለው ጤና አዳምና ቆስጣ ዓመቱን ሙሉ የጠጣው የዉዱእ ውሃ ነው።

ሦስት፦ ፌስታልና ሃይላንድ

ቀጭን ፌስታል የተከለከለው ዛሬ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ከረጢት ማምረትና ማስገባት ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን መጠቀምን ጭምር የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሕጉ ቢኖርም ባይኖርም ግን ዘንቢል የነበረን ሕዝብ ነን። እናቶቻችን ዘንቢል ይዘው ወጥተው ዘንቢል ይዘው ይገቡ ነበር። አሁን የጨርቅ ቦርሳ አጣጥፎ ኪስ ውስጥ መያዝ ምንም አይከብድም። ለተምር ክዳን ያለው ዕቃ ይዞ ሱቅ መሄድም እንደዚያው።

የጠርሙሱ ነገር ግን እኔን ያጣላኝ ጉዳይ ነው። በምሰግድበት መስጊድ ለአፍጣሪዎች በየቀኑ የታሸገ ውሃ በካርቶን የሚያመጡ ደጋግ ሰዎች አሉ። አላህ ይቀበላቸው። ማታ ግን ግቢው ውስጥ ግማሽ ውሃ የቀረባቸው ጠርሙሶች ይበተናሉ። ባለፈው ረመዷን ማብቂያ ላይ «ለከርሞው ባለ ክዳን ትልልቅ የውሃ በርሜሎችና የሚታጠቡ ኩባያዎች እንግዛ» የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። አንድ አባት በጣም ተቆጡ። «ሼኽ፣ ሰደቃዬን ልትከለክለኝ ነው?» አሉኝ። ለብዙ ቀን አኩርፈውኝ ነበር።

እርሳቸውን ለማስረዳት ያልኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። አፍጣሪን ማስፈጠር የአጅሩ ምክንያት ውሃው ነው እንጂ ጠርሙሱ አይደለም። ጠርሙሱ ከግቢው ወጥቶ ቦይ ከዘጋ፣ በክረምት ጎርፍ የሰው ቤት ካስገባ፣ ሰደቃችን ከአንድ በኩል ገብቶ ከሌላው ወጣ ማለት ነው። ከመንገድ ላይ የሚያስቸግርን ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ እንደሆነ በሐዲስ ተምረናል። መንገድ ላይ የሚያስቸግር ነገር መጨመር ታዲያ የምን ቅርንጫፍ ሊሆን ነው? እኚያ አባት በስተኋላ ሁለት በርሜል ራሳቸው ገዝተው አመጡ። «ይህኛው እንኳ ዓመት ሙሉ አጅር ያመጣልኛል» አሉ። ልክ ናቸው፤ የሚቆይ ሰደቃ ማለት ይህ ነው።

ቤት ውስጥ የቀሩ ጠርሙሶችን ከምግብ ትርፍ ጋር አትቀላቅሉ። ለብቻ ይቀመጡ። በየመንደሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው ይወስዳቸዋል፤ ልዋጭ የሚሉትም አሉ። ለእኛ ቆሻሻ የሆነው ለእነርሱ የዕለት እንጀራ ነው። ንጹሕና ደረቅ አድርጎ ማስረከብም ደግነት ነው።

አራት፦ ዘይቱና ልጣጩ

ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አይደፋም። ቧንቧ ውስጥ ይረጋና ይዘጋል። ካልዘጋም ሄዶ ወንዝ ይገባል። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ የሚወርደው ፍሳሽ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይሄዳል። በዚያ ወንዝ ውሃ ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ አትክልቱ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እኛ ገበታ ነው። ያፈሰስነውን እየበላን ነው ማለት ይቻላል። በሱረቱ ሩም 41ኛ አንቀጽ አላህ በየብስና በባሕር የታየው ብልሽት ከሰዎች እጅ ሥራ የመጣ መሆኑን፣ የሥራቸውንም ከፊሉን እንደሚያቀምሳቸው ይነግረናል። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋል? ዘይቱ ሲበርድ ጠርሙስ ውስጥ ይከተት፣ በክዳን ይዘጋ። ከሁሉ በላይ ግን ትንሽ ዘይት እንጠቀም። ሳምቡሳው በቁጥር ከሆነ ዘይቱም በልክ ይሆናል።

የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሙዝ ቅርፊት ደግሞ ቆሻሻ አይደሉም። ከሥሩ የተበሳ አሮጌ ባልዲ ውሰዱ። አንድ እጅ ልጣጭ፣ በላዩ አንድ እጅ ደረቅ ቅጠል ወይም አፈር እያደረጋችሁ ሙሉት። ሥጋና ቅባት አትጨምሩበት፤ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። አልፎ አልፎ በእንጨት አገላብጡት። ከጥቂት ወራት በኋላ ጥቁር አፈር ይሆናል። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይም ይቻላል። ሙስሊም የተከለውን ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በበረንዳ ጣሳ ላይ የበቀለች አንዲት ቃሪያም ከዚህ አትወጣም።

«እንግዳ ቢመጣስ?»

ይህን ሁሉ ስናገር የሚነሳብኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ሼኽ፣ ቤታችን እንግዳ ቢመጣና ገበታው ቢያንስ ስስታም አያሰኘንም ወይ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እንግዳ ማክበር ዲናችንም ባህላችንም ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር እንለይ። እንግዳን የሚያከብረው ፊታችን፣ የምናካፍለው ጉርሻና ቦታ የምንለቅለት ልባችን ነው። ክምር ሳሕን የሚያከብረው ራሳችንን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት፣ የሦስት ሰው ለአራት እንደሚበቃ አስተምረዋል። በረካ የሚባለው ነገር ያለው እዚያ መሐል ነው።

የተረፈውን ደግሞ ሳይበላሽ፣ በክብር እናካፍል። አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ከእኛ ቤት ሳምቡሳ ማዳበሪያ ውስጥ በገባባቸው በእነዚያ ቀናት እዚያው መንደራችን ውስጥ አንዲት ባል የሞተባቸው እናት በተምርና በሻይ ብቻ ያፈጥሩ እንደነበር ያወቅሁት ከዒድ በኋላ ነው። ሃምሳ እርምጃ ነበር ርቀቱ። ከስምንት ሊትሩ ውሃ በላይ ያሳፈረኝ ይህ ነው። ዘንድሮ ልጄ ከመግሪብ በፊት ትኩሱን፣ ከእኛ ገበታ ቀድማ፣ ይዛላቸው ትሄዳለች። ትርፍ አይደለም የምትወስድላቸው፤ ድርሻቸውን ነው።

ከዒድ በኋላ የሚቀር

ሁሉንም በአንድ ቀን ልጀምር የሚል ሰው በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ተምረናል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ልማድ ያዙ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚተርፈውን ጻፉ። በሁለተኛው የዉዱእ ጆግ ያዙ። በሦስተኛው ዘንቢሉን ከተሰቀለበት አውርዱ። በአራተኛው ባልዲውን ጀምሩ። ለልጆቻችሁ ሥራ ስጧቸው፤ ደብተሩን፣ ልኬታውን፣ ጠርሙስ መለየቱን። ልጅ ከሚሰማው ይልቅ የሚቆጥረውን ያምናል። አባቶች ደግሞ ማዘዙን ቀንሰን ሳሕን እናጥብ። ነቢያችን በቤታቸው ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይሰፉ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል። የሚጠግን ሰው አይጥልም።

እኛ ቤት ሁሉም ነገር ተስተካክሏል አልልም። ባለፈው ሐሙስ እንኳ አንድ ሳሕን ሩዝ ተበላሽቶብናል፤ ልጄ በደብተሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋዋለች።

ትናንት ጠዋት ያቺ የጽዳት ማኅበር ልጅ መጥታ ነበር። ማዳበሪያችንን በአንድ እጇ አንስታ ጋሪው ላይ ጣለችው። እኔን አየችኝና «አባባ፣ ዘንድሮ አልጾማችሁም እንዴ?» አለችኝ። «ዘንድሮ ነው የጾምነው» አልኳት።

ረመዷን ሙባረክ። አላህ ጾማችንንም፣ ገበታችንንም ይባርክልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።